ከጊልሮይ ሽታ እስከ ባሕሩ ዳር ሜዳ

ቅዳሜ ንጋት 11 ሰዓት ተኩል ላይ ስደርስ ጋሼ በራቸው ላይ ቆመው እየጠበቁኝ ነበር። ጃኬት ደርበዋል። የጎልፍ ዱላ ቦርሳቸው ትከሻቸው ላይ ነው። ቡና በፔርሙዝ፣ ቆሎ በላስቲክ፣ ድፎ ዳቦ በፎይል ተጠቅልሎ ተዘጋጅቷል። ከሳን ሆዜ ወደ ደቡብ ልንወርድ ነው። መድረሻችን ፓስፊክ ግሮቭ የምትባል ትንሽ የባሕር ዳር ከተማ ናት። መንገዱ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይወስዳል።

ጋሼ የሥጋ ዘመዴ አይደሉም። የተዋወቅነው ቤተ ክርስቲያን ነው። ጡረታ ሲወጡ እቤት መዋል ከበዳቸው። እኔም የሌሊት ሥራ ጀርባዬን አደረቀው። አንድ ቀን ከቅዳሴ በኋላ "ና እስቲ እንራመድ፣ ልጄ" አሉኝ። ስንራመድ ስንራመድ የጎልፍ ሜዳ ውስጥ ገባን። ይኸው አራት ዓመታችን።

ጎልፍ ሲባል ብዙዎቻችን የሀብታም ጨዋታ ነው ብለን እናልፈዋለን። እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው። አሜሪካ ውስጥ ግን የከተማ አስተዳደር የሚይዛቸው ሜዳዎች አሉ። አባልነት የለም። የሚያስገባ ሰው መፈለግ የለም። ስልክ ላይ ሰዓት ማስያዝ፣ መክፈል፣ መጫወት ነው። ፓስፊክ ግሮቭም የከተማው ሜዳ ነው። ልዩ የሚያደርገው ያረፈበት ቦታ ነው። የሞንተሬይ ልሳነ ምድር ጫፍ ላይ፣ ሰላማዊ ውቅያኖስ አፍንጫው ሥር ነው ያለው።

101 መንገድን ይዘን ስንወርድ ገና ጨለማ ነበር። ጊልሮይ ጋ ስንደርስ መስኮቱ ተዘግቶ እንኳ የነጭ ሽንኩርት ሽታ መኪናውን ሞላው። ከተማዋ የታወቀችው በነጭ ሽንኩርት ነው። ጋሼ ሁሌም እዚህ ሲደርሱ "ቁሌት ጀምረዋል" ይላሉ። ከዚያ በ156 መንገድ ታጥፈን ካስትሮቪል ገባን። ግራና ቀኙ አርቲቾክ የሚባል አትክልት እርሻ ነው። ቅጠሉ የእኛን ኮሸሽላ ይመስላል። ዘሩም ከእሾሃማዎቹ ወገን ነው። ሲነጋ ሠራተኞቹ ጎንበስ ብለው እየቆረጡ ነበር። ጋሼ መስኮቱን ዝቅ አድርገው እጃቸውን አውለበለቡላቸው። አንዱ ኮፍያውን አንስቶ መለሰላቸው።

ባሕሩ በስተቀኝ ብቅ ያለው ከዚያ በኋላ ነው።

ሜዳው በር ላይ ስንደርስ 1 ሰዓት አልፏል። ፀሐይ ከጥዶቹ ጀርባ መውጣት ጀምራለች። በዚህ አካባቢ ክረምቱም በጋውም ግራ ያጋባል። ሌላው ካሊፎርኒያ በሐምሌና በነሐሴ ሲነድ፣ እዚህ ከባሕር የሚመጣ ጭጋግ ያንቀጠቅጣል። ጥሩው ጊዜ አሁን ነው፣ ጥቅምት። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ነፋሱ ግን አለ። ነፋስ የሌለበት ቀን ገጥሞኝ አያውቅም።

ስለ ቦታው ትንሽ ላውራ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ከዚህ በመኪና ጥቂት ደቂቃ ርቆ ፔብል ቢች አለ። በዓለም ስሙ የገነነ ሜዳ ነው። እዚያ አንድ ዙር ለመጫወት ከ600 ዶላር በላይ ይጠየቃል። እኛ ዛሬ የከፈልነው የዚያን አንድ አምስተኛ አይሞላም። ባሕሩ ግን ያው ባሕር ነው። የሚገርመው ደግሞ የነደፉት ሰዎች ጉዳይ ነው። በ1919 የተከፈተውን ፔብል ቢችን ከነደፉት ሁለት ሰዎች አንዱ ጃክ ኔቪል ነው። ይኸው ኔቪል በ1960 የዚህን የከተማ ሜዳ ሁለተኛ ግማሽ ሠራ። ያው እጅ ነው።

የመጀመሪያው ግማሽ በ1932 የተከፈተ ሲሆን የነደፈው ቻንድለር ኢገን ነው። ኢገን በ1904 የሴንት ሉዊስ ኦሎምፒክ በጎልፍ ቡድን ወርቅ፣ በግል ብር ወስዷል። ጎልፍ ከዚያ ወዲያ ከኦሎምፒክ ወጥቶ ከመቶ ዓመት በላይ ቀረ። የተመለሰው በ2016 ሪዮ ላይ ነው፤ አልማዝ አያና የ10,000 ሜትሩን ሪከርድ የሰበረችበት ኦሎምፒክ። ይህን ለጋሼ ስነግራቸው "እኛ ስለ አልማዝ እንጂ ስለ ጎልፍ መች ሰማን" አሉ። እውነታቸውን ነው። ያን ጠዋት ሳን ሆዜ ውስጥ ስንት ሰው ቴሌቪዥን ላይ እንደጮኸ አስታውሳለሁ።

የከተማ ሜዳ ላይ ሁለት ሆነው ከመጡ ከማያውቁት ሰው ጋር ያጣምራሉ። ዛሬ የደረሱን አንድ የከተማዋ ጡረተኛና ሳሊናስ ውስጥ ሰላጣ ማሸጊያ ቤት የሚሠራ ወጣት ነበሩ። ወጣቱ የያዛቸው ዱላዎች የአጎቱ ናቸው። ተጨባበጥን። ጋሼ ወዲያው ቆሎውን አወጡ። ጡረተኛው አንዷን ፍሬ በጣቱ ይዞ አገላብጦ አየና ጎረሰ። ከዚያ እጁን እንደገና ዘረጋ።

ጨዋታውን ለማያውቅ ሰው፦ ሜዳው 18 ሆል አለው። ሆል የሚባለው ኳሷ ከምትነሳበት ቦታ አንስቶ ጉድጓዷ እስካለችበት ያለው ርቀት ሁሉ ነው። ፓር ደግሞ ጥሩ ተጫዋች ያን ለመጨረስ የሚበቃው የምት ብዛት ነው። የዚህ ሜዳ ጠቅላላ ፓር 70 ነው። ርዝመቱ 5,700 ያርድ ገደማ፣ በእኛ ከ5 ኪሎ ሜትር ትንሽ ያልፋል። ለጎልፍ አጭር ነው። ለእኔና ለጋሼ ልክ ነው፤ ቦርሳችንን ተሸክመን በእግራችን እንጨርሰዋለን።

አጀማመሩ ያልተለመደ ነው። አንደኛውም ሁለተኛውም ፓር 3 ናቸው። ሌላ ቦታ መጀመሪያ ላይ ረጅም መትተው ሰውነታቸውን ያሟሙቃሉ። እዚህ ገና እጅ ሳይሞቅ ልክ መምታት ይጠበቃል። የእኔ የመጀመሪያዋ አጠረች። የጋሼ ግሪኑ ላይ፣ ማለትም ጉድጓዷ ያለችበት አጭር ሣር ላይ፣ ከባንዲራው አሥር እርምጃ ርቃ አረፈች። ምንም አላሉም። ዱላቸውን ቦርሳው ውስጥ ከተው በማያውቁት መንገድ እንደሚሄድ ሰው ቀስ ብለው መራመድ ጀመሩ።

የመጀመሪያው ዘጠኝ ዛፍ ውስጥ ነው። ጥድና ሳይፕረስ በነፋስ ወደ አንድ ወገን ተጎንብሰው አድገዋል። የከተማው መካነ መቃብር ከሜዳው ጋር ይዋሰናል። አጋዘኖቹ ከመቃብሩ ወደ ሜዳው፣ ከሜዳው ወደ መቃብሩ እንዳሻቸው ይመላለሳሉ። አንዷ ልጇን አስከትላ እኔ ልመታ ስል ከፊቴ አለፈች። ሁላችንም ዱላ አውርደን ጠበቅን። ቸኩላ አልነበረም። አንድ ቦታ ቆማ ሣር ነጨች፣ ጆሮዋን አራገበች፣ ሄደች።

ብርቱካናማ ቢራቢሮዎችም ማየት ጀምረናል። ሞናርክ የሚባሉት ናቸው። ከጥቅምት ጀምሮ መጥተው ክረምቱን እዚህ ከተማ ዛፎች ላይ ተንጠልጥለው ያሳልፋሉ። ጡረተኛው እንደነገረን ከተማው ቢራቢሮ ያስቸገረን ሰው 1,000 ዶላር የሚያስቀጣ ደንብ አለው። ጋሼ ይህን ሲሰሙ ቆም አሉ። "ለቢራቢሮ?" አሉ። "ለቢራቢሮ" አላቸው። "እግዜር ይስጣቸው" አሉ በአማርኛ።

አራተኛው ላይ ይሁን አምስተኛው፣ ከሌላ ወገን የመጣች ኳስ ከጋሼ እግር ሁለት ክንድ ርቃ አረፈች። መቺው ከሩቅ እጁን አንስቶ ይቅርታ ጠየቀ። ጋሼ እየሳቁ "በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ" አሉና ኳሷን እንዳትረገጥ ዞረው አለፏት።

ዘጠኙን ጨርሰን፣ ዳቦውን ቆርሰን፣ ቡናውን ጠጥተን መንገድ ተሻገርን። እዚህ ሜዳው ሌላ አገር ይሆናል። ዛፉ ያልቃል። አሸዋው ይጀምራል። የባሕር ዳር ኮረብታማ አሸዋ፣ በመካከሉ አረንጓዴ ሣር፣ ከሣሩ ወዲያ አንድ መንገድ፣ ከመንገዱ ወዲያ ዓለትና ማዕበል። ድምፁ ቀድሞ ይሰማል። ማዕበሉ ዓለቱን ሲመታ ደረት ላይ ይሰማል።

አሸዋው ላይ አይስ ፕላንት የሚባል ተክል ተነጥፏል። ከደቡብ አፍሪካ የመጣ ነው። ቅጠሉ እንደ ጣት ወፍራም፣ ሦስት ጎን ያለው፣ ሲሰበር እንደ እሬት ውሃ የሚያንጠባጥብ ነው። ሲያዩት ያምራል። ኳስ እዚያ ከገባች ግን ሌላ ነገር ነው። 11ኛው ላይ የእኔ ገባች። ቅጠሎቹን በዱላዬ ገለጥ ገለጥ ሳደርግ ከሥር ነጭ ነገር ታየችኝ። መታሁ። ዱላው ቅጠሉ ውስጥ ተይዞ ቀረ፤ የእጄ አንጓ ነዘረኝ። ጫማዬና ሱሪዬ በአረንጓዴ ጭማቂ ረጠበ። ኳሷ አንድ ጋት አልተነቃነቀችም።

"ተዋት ልጄ" አሉ ጋሼ። "አንድ ምት ተቀጣና አውጥተህ መሬት ላይ ጣላት። ከዚህ ጋር ታግሎ ያሸነፈ የለም።"

ጎንበስ ብዬ ሳወጣት ከጎኗ ሌላ ኳስ ነበር። ትንሽ ራቅ ብሎ ደግሞ ሁለት። ለጋሼ ሰጠኋቸው። በአውራ ጣታቸው አሸዋውን ጠረጉ። አንዷ ላይ በሰማያዊ ቀለም ትንሽ ኮከብ ተሥሏል። ተጫዋቾች የራሳቸውን ኳስ ለመለየት እንደዚህ ምልክት ያደርጋሉ። ጋሼ ኮከቧን ረዘም ላለ ጊዜ አዩ።

"ስሙኒ ነበረች" አሉ።

"ምኗ?"

"የጠፋች ኳስ አግኝቶ ለባለቤቷ የመለሰ ስሙኒ ይሰጠው ነበር።"

አራት ዓመት አብረን ስንጫወት ይህን ነግረውኝ አያውቁም። ልጅ ሆነው፣ በጃንሆይ ጊዜ፣ አዲስ አበባ አንድ የጎልፍ ሜዳ አጠገብ ነበር ቤታቸው። ከትምህርት ቤት መልስ የሰው ቦርሳ ይሸከሙ ነበር። ካዲ ነበሩ ማለት ነው። ሦስት ዓመት። ቦርሳው ከእሳቸው ቁመት ብዙም አያንስም ነበር አሉ። የትኛው ዱላ ለየትኛው ርቀት እንደሆነ፣ ነፋስ በየት እንደሚገባ፣ ሣር በየት እንደሚተኛ ያን ጊዜ ነው ያወቁት። አንድም ቀን ግን ኳስ አልመቱም። ማታ ሜዳው ሲዘጋ ልጆቹ ከባሕር ዛፍ ቆልመም ያለ ዱላ ይቆርጣሉ፤ የተሰነጠቀች ኳስ ይፈልጋሉ፤ ከአጥሩ ውጭ ጭቃ ላይ እንደ ገና ይለጉ ነበር።

"ሣሩን በእግራችን እናውቀዋለን እንጂ በዱላ ነክተነው አናውቅም" አሉ። ቁጣ የለባቸውም። የሆነውን ነው የነገሩኝ። ከዚያ ሣር ቆንጥረው ወደ ላይ በተኑና ነፋሱን አዩ። ይህን ሲያደርጉ ሁሌ አያቸው ነበር። ከቴሌቪዥን የተማሩት ይመስለኝ ነበር።

ከባሕሩ ዳር ባለው ረጅሙ ሆል ላይ ስንራመድ ብዙ አልተናገርንም። ከጎናችን ባለው መንገድ ሰው በእግሩ፣ በብስክሌት፣ ውሻ ይዞ ያልፋል። ከመንገዱ ወዲያ ኦተር የሚባል የባሕር እንስሳ የባሕር ሣር መሀል በጀርባው ተንጋሎ ይንሳፈፋል። በዚህ ባሕር ዳር አንዲት ትንሽ ቤት ሚሊዮን ዶላር ታልፋለች። ይህን መሬት ከተማው ሸንሽኖ ቢሸጠው ምን ያህል ገንዘብ እንደሚያመጣ መገመት አይከብድም። አልሸጠውም። የሰላጣ ማሸጊያው ልጅም፣ ጋሼም፣ እኔም ረግጠን እንድንጫወትበት ይዞታል። እኔ ይህ ትልቅ ነገር ይመስለኛል። እኔ ያደግኩበት ሠፈር ውስጥ ኳስ የምንጫወትበት ሜዳ ዛሬ ፎቅ ነው። አሁን የሠፈሩ ልጆች የሚጫወቱት መኪና እየጠበቁ መንገድ ላይ ነው። ፎቁም ያስፈልጋል፣ ቤት ያጣ ብዙ ነው። ነገር ግን ከሠፈሩ ጥሩውን መሬት ለልጆች አስቀርቶ ያቆየ ሰው ቢኖር ኖሮ ዛሬ እናመሰግነው ነበር።

የውሃውም ነገር ያሳስበኛል። ጀሪካን ይዤ ያደግኩ ሰው ነኝ፤ ሣር ሲጠጣ ሳይ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ይህ ልሳነ ምድር ደግሞ ውሃ የሚቸግረው ነው። ጡረተኛውን ጠየቅኩት። ደስ ያለኝ መልስ ሰጠኝ። ሜዳውና መቃብሩ የሚጠጡት የመጠጥ ውሃ አይደለም፤ ከከተማው ፍሳሽ ተጣርቶ የሚመጣ ነው። ከተማው የራሱ ማጣሪያ ሠርቷል። ሣሩን ከዚያ በኋላ ቀለል ብሎኝ ረገጥኩት።

የመብራት ማማው ከየትም ይታያል። የሜዳው ሁለተኛ ግማሽ ዙሪያውን ከቦታል። ስሙ ፖይንት ፒኖስ ነው። እንደሌላው የመርከብ መብራት ረጅም አይደለም። ነጭ ቤት ነው፤ ከጣሪያው መሀል አጭር ማማ ብቅ ብሏል። የተለኮሰው በፈረንጆች ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1855 ነው። በዚያው የፈረንጆች ወር ነው ካሳ ኃይሉ ደረስጌ ማርያም ላይ ተቀብተው አፄ ቴዎድሮስ የተባሉት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እየበራ ነው። በአሜሪካ ምዕራብ ጠረፍ ሳያቋርጥ የሠራ ከዚህ የሚቀድም የለም። የመጀመሪያው ጠባቂ በዚያው ዓመት ሽፍታ ሲያሳድድ ተገደለ። መብራቱን ተረክባ የጠበቀችው ሚስቱ ሻርሎት ሌይተን ናት። ልጆቿን እያሳደገች፣ ማታ ማታ ደረጃውን እየወጣች ፋኖሱን ትለኩስ ነበር። ጋሼ ይህን ሲሰሙ ቆመው ማማውን አዩትና "ምን ያለች ሴት ናት" አሉ።

17ኛው ፓር 3 ነው። ከፊት ኩሬ አለ። ዳክዬዎች ይዋኙበታል። ከኩሬው ወዲያ ግሪኑ፣ ከግሪኑ ወዲያ ሰማዩ ነው። ነፋሱ ከባሕር በኩል ጠንክሮ ይመጣል። ሰባት ቁጥር ዱላ አወጣሁ። በርቀቱ ልክ ነበር፤ የዱላው ቁጥር ሲያንስ ኳሷ ይበልጥ ትርቃለች።

ጋሼ ቦርሳቸውን መሬት ላይ አስቀመጡ። ወደ እኔ ቦርሳ መጡ። ሣር በተኑ። ዛፍ የለም፤ ባንዲራውን አዩ፤ ኩሬው ላይ የውሃውን ሽክሽክታ አዩ። ከዚያ ሰባት ቁጥሩን ከእጄ ወስደው መለሱና አምስት ቁጥሩን መዘው በመያዣው በኩል አቀበሉኝ።

"ይበዛል፣ ጋሼ።"

"አይበዛም። አትጩህበት፣ በቀስታ ምታ። ነፋሱ ይይዝልሃል።"

አቀባበላቸውን ነው ያየሁት። ዱላውን በሁለት እጃቸው፣ መያዣውን ወደ እኔ፣ ብረቱን ወደ ራሳቸው አድርገው ነው የሰጡኝ። ቢላ ለሰው እንደሚሰጥ። ሃምሳ ስንት ዓመት እጃቸው አልረሳውም።

በቀስታ መታሁ። ኳሷ ከፍ አለች። ነፋሱ ውስጥ ገብታ ቀጥ ብላ የቆመች መሰለኝ። ውሃው ላይ ነው የምትወድቀው ብዬ ነበር። ከዚያ ወርዳ ግሪኑ ላይ ጥፍ አለች። ወጣቱ ጮኸ። ጡረተኛው አጨበጨበ። ጋሼ ምንም አላሉም። ቦርሳቸውን ትከሻቸው ላይ ሰቀሉ።

"ልሸከምልዎት" አልኳቸው። ጉልበታቸው መድከም እንደጀመረ አካሄዳቸው ይናገራል።

"ይቺን?" አሉ ማንገቻውን እየነኩ። "ይቺ የራሴ ናት። እኔ ነኝ የምሸከማት።"

ኩሬውን ዞረን አለፍን። የራሳቸውን ኳስ ለማስገባት ሁለት ጊዜ ገፍተው ጨረሱ፤ ፓር። እኔም ፓር። በዚያ ሆል ላይ ሁለታችንም ፓር ስናገባ የመጀመሪያችን ነው። ካርዱ ላይ ስጽፍ እጄ ቅዝቃዜ አደንዝዞት ቁጥሩ ተጣመመ።

18ኛውን ጨርሰን ኮፍያችንን አወለቅን፤ ተጨባበጥን። እንደ ወጉ ነው። ወጣቱ የጋሼን እጅ ሲጨብጥ ግንባሩን ዝቅ አደረገ። ማን እንደነገረው አላውቅም፣ ወይም እነሱም ዘንድ ለሽማግሌ እንደዚያ ይደረግ ይሆናል። የተረፈውን ቆሎ ለእሱ ሰጡት።

መኪናው ጋ ደርሰን ቦርሳዎቹን ከጫንን በኋላ ጋሼ "ቆየኝ" ብለው ተመለሱ። በመስታወቱ ሳያቸው ባንኮኒው ላይ ላለችው ልጅ ኮከብ ያለባትን ኳስ እያሳዩ ነው። ልጅቷ ፈገግ ብላ ራሷን ነቀነቀች። ኳሷን በመዳፏ መልሳ ወደ እሳቸው ገፋችላቸው። ሲመለሱ "ውሰዳት አለችኝ" አሉ። ኪሳቸው ውስጥ አስገቧት።

ካስትሮቪል መንገድ ዳር ቆመን ስድስት አርቲቾክ ገዛን። ለባለቤታቸው ደውለው እንዴት እንደሚሠራ ጠየቁ። እሳቸውም አያውቁም። ሻጯ በእጅ ምልክት አስረዳችን፦ መቀቀል፣ ቅጠሉን አንድ አንድ እየነቀሉ በቅቤ መንከር። በቅቤ የሚለውን ሲሰሙ ጋሼ ደስ አላቸው። "ንጥር ቅቤ አለን" አሏት፣ በአማርኛ።

ከዚያ በኋላ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ጭንቅላታቸው መስኮቱን ተደግፎ፣ አንድ እጃቸው ኪሳቸው ውስጥ ነው። ሬዲዮውን ቀነስኩ። ጊልሮይ ስንደርስ የነጭ ሽንኩርቱ ሽታ ቀሰቀሳቸው።

"ደረስን እንዴ?" አሉ።

"ገና ነን፣ ጋሼ" አልኳቸው።